ለሚካኤል የተሳልኩት ግራር

ለንስሐ አባቴ፣

ጥፋቱ የወንዳወቅ ነው። ሰላምታ መቅደም እንዳለበት ጠፍቶኝ አይደለም። ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜም ሰላምታው ብቻ ወረቀቱን ጨረሰብኝ። ስለዚህ ዋናውን ነገር አስቀደምኩ፤ ወረቀት ቢያልቅ እንኳ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ይድረስዎት ብዬ ነው።

አሁን እንደ ወጉ ልጀምር። እንደምን ሰነበቱ አባቴ? ዓይንዎ እንዴት ሆነ? ሐኪሙ ያዘዘልዎትን ጠብታ በሰዓቱ ያደርጉታል ወይስ እዚህ እንደለመዱት መስኮት ላይ አስቀምጠው ይረሱታል? የልጅዎ ቤት ደረጃ ይበዛዋል ብላ ሩት ነግራኛለች፤ ጉልበትዎን እያሰብኩ አዝናለሁ። እኔ፣ ከወገቤ፣ ከጥርሴና ከጎረቤቶቼ በቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ላሚቱ ወልዳለች። ማሽላው ዘንድሮ ደህና ነው፤ ወፍ ግን ከእኛ ቀድሞ ቀምሶታል።

በስልክ ለምን አልደወልሽም እንዳይሉኝ። በስልክ ንስሐ የለም ብለውኛል፤ በደብዳቤ የለም ግን አላሉም። ደግሞ እኔ ስልክ ባነሳሁ ቁጥር ጎረቤቴ አልታየች አጥሩ ሥር ጎመን ልትቀነጥስ ትመጣለች። እሷ በዓመት የቀነጠሰችው ጎመን ሁለት ሠርግ ያበላል። ደብዳቤውን የምታመጣልዎት ልጄ ሩት ነች። ፖስታውን በመርፌ ሰፍቼዋለሁ፤ ክሩ ቀይ ነው። ሌላ ቀለም ከሆነ ተከፍቶ ተሰፍቷል ማለት ነውና ሩትን ይቆጡልኝ። ዓይንዎ ካልቻለም መነጽርዎ እስኪደርስ ይቆይ እንጂ ዲያቆን እንዳያነብልዎት። ዲያቆን ነገ ያገባል፤ ሚስት ደግሞ ትጠይቃለች።

የምናዘዘው ስለ ስለቴ ነው። እርስዎ ያውቁታል። በዚያ ክፉ ጊዜ፣ መንገዱ ተዘግቶ፣ ስልኩ ጠፍቶ፣ ማን እንዳለና ማን እንደሌለ በማይታወቅበት ሰሞን ቤተ ክርስቲያን ደጅ ቆሜ «የጠፋብኝ ሰው በሰላም ከገባ ግቢዬ ያለውን ግራር ለኅዳር ሚካኤል ድግስ ማገዶ እሰጣለሁ» ብዬ ተሳልኩ። ሚካኤልም ሰማኝ፤ ሰውም ገባ። አገሩ ሁሉ ለሩት የተሳልኩት ነው ይላል። እኔም አላረምኳቸውም።

ከዚያ በኋላ ስለቱን መስጠት አቃተኝ። በመጀመሪያው ዓመት ሰው ገና አልተረጋጋም አልኩ። በሁለተኛው ዓመት ግራሩ ላይ ወፍ ጎጆ ሠርታለች አልኩ፤ እውነትም ሠርታ ነበር። በሦስተኛው ዓመት ወፏ እንደገና መጣች አልኩ፤ እሷ ግን አልመጣችም ነበር። ይህንንም ከኃጢአቴ ጋር ይደምሩልኝ። ሚካኤል በየዓመቱ ታገሠኝ። በእርስዎ ቦታ የመጣው ቄስ ንጉሴ ግን ወጣት ነው፤ እንደ ሚካኤል አይታገሥም። በመስከረም አንድ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሰው ሁሉ በቆመበት «እማማ፣ ግራሩ መቼ ነው?» አለኝ። ነጠላዬን አስተካከልኩ።

ለምን እንደሳሳሁለት እርስዎ አይጠይቁኝም መቼም። ጥቁር ሰሌዳውን ያስደገፉት እሱ ላይ ነው። አባቴ ወንድሞቼን ትምህርት ቤት ልኮ እኔን ወፍጮ ላይ አስቀመጠኝ። ባሌ፣ ነፍሱን ይማርና፣ ሴት ፊደል ካወቀች ደብዳቤ ትጽፋለች ብሎ ከለከለኝ። ይኸው እየጻፍኩ ነው። በሃምሳ አራት ዓመቴ በዚያ ግራር ሥር ተቀምጬ «ሀ» ስል እርስዎ አልሳቁብኝም። አልታየች ስቃለች። በዕድሜዬ ሙሉ ማንም ያላዘዘብኝ ቦታ ያ ጥላ ብቻ ነው። ይህን ነው ለሚካኤል የሰጠሁት። ርካሽ ነገር መሳል አላውቅበትም ነበር።

አሁን ወደ ወንዳወቅ ልመለስ። ያውቁታል፤ ግን ለንስሐው እንዲመች እንደማያውቁት አድርጌ ልንገርዎ። ጎረቤቴ ነው፤ ከእሱ ግቢ የሚለየኝ አንድ የቁልቋል አጥር ነው። ሚስቱ ከሞተች ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል። በቀበሌያችን ያ በቤንዚን የሚጮኸው የሞተር መጋዝ ያለው እሱ ብቻ ስለሆነ ባሕር ዛፍ የሚያስቆርጥ ሁሉ፣ ከግራናም ከመርሳም፣ እሱን ይጠራል። የዛሬ አርባ አምስት ዓመት እኔን ሊያገባ አባቴ ዘንድ ሽማግሌ ልኮ ነበር። ሽማግሌዎቹ መጥተዋል። የመጡት ግን የሌላ ሰው ሽማግሌዎች በልተው፣ ጠጥተው፣ እሺ ተብለው ከሄዱ በሦስተኛው ቀን ነው። በሬ ጠፍቶበት ሲፈልግ ነበር አሉ። በሬውን አግኝቶታል። ያ በሬ ከሞተ ስንት ዘመኑ፤ እኔ ግን መልኩን እንኳ አልረሳሁትም፤ ግንባሩ ላይ ቦቃ ነበረው። ስለዚህ ጥፋቱ የወንዳወቅ ነው ስል ከዚያ ጀምሬ ነው የምቆጥረው።

መጋዙን የገዛ ጊዜ እንጨቱን የሚቆርጠው ሞተሩ ይመስለው ነበር። ጥርሶቹ ሲደንዙ ማጭድ በሚያሾልበት ጠፍጣፋ ሞረድ ይፈገፍጋቸዋል። ቀኝ እጁ ስለሚበረታ ቀኝ ቀኙን ያሾልና ግራውን ይተወዋል። መጋዙም ግንድ ውስጥ ሲገባ እንደ ሰካራም ወደ አንድ ወገን ያጋድላል። እኔ በአጥሩ ወዲህ ሆኜ እሰማለሁ። ሹል መጋዝ ያጉረመርማል፤ የደነዘ መጋዝ ያለቅሳል። የእሱ ከጠዋት እስከ ማታ ያለቅስ ነበር። አንድ ቀን ጆሮዬ ሲሰለች በአጥሩ ላይ ብቅ ብዬ «ወንዳወቅ፣ እንጨት እየቆረጥክ ነው ወይስ እየገረፍከው?» አልኩት። «ካወቅሽበት ነይና ቁረጪ» አለኝ። ሄድኩ። ለመቁረጥ ሳይሆን ጥርሱን ለማየት ነው የሄድኩት።

አባቴ፣ እኔ አርባ ዓመት ወፍጮ የወቀርኩ ሴት ነኝ። ድንጋይ ሲደነዝ በጣቴ ዳብሼ አውቃለሁ። ወፍጮ ሲደነዝ ክክ ያወጣል፤ ሲወቀር ዱቄት። መጋዝ ደግሞ ሲደነዝ ዱቄት ያወጣል፤ ሲሾል እንደ ክክ ያለ ፍቅፋቂ ይበትናል። የወንድ ዕቃ የተገላቢጦሽ ነው። ይህን ከተረዳሁ በኋላ ሌላው ቀላል ነበር። ወንዳወቅን መርሳ ልኬ እርሳስ የሚያህል ድቡልቡል ሞረድ አስመጣሁት። መጀመሪያ የመጣው አውራ ጣት ያህል ነበር፤ መለስኩት። ከዚያ ወዲህ መጋዙን የምሞርደው እኔ ነኝ።

ሰንሰለቱ ላይ ሠላሳ ሦስት ጥርስ አለ። አንዱ ወደ ቀኝ፣ አንዱ ወደ ግራ እያሉ ይሄዳሉ። ከየትኛው እንደጀመሩ ካላወቁ ዙሪያው አያልቅም፤ አንዱን ሁለቴ ሞርደው ሌላውን ይዘሉታል። እኔ አንዱ ጥርስ ላይ የሩትን ቀይ የጥፍር ቀለም ነጠብ አደረግሁበትና «ሀ» አልኩት። ከዚያ ለ፣ ሐ፣ መ እያልኩ እያንዳንዱን ሦስት ጊዜ ወደ ፊት እገፋለሁ። ሞረድ ወደ ኋላ አይጎተትም። ፐ ላይ ስደርስ ሥራዬ አለቀ ማለት ነው። እርስዎ ፊደሉን ሲያስተምሩኝ ለዚህ ይሆናል ብለው እንዳላሰቡ አውቃለሁ። ፐ እና ሀ ጎን ለጎን ሆነው ሁለቱም ወደ ቀኝ ነው የሚያዩት። ሠሪው ተሳስቷል ብዬ ነበር፤ ወንዳወቅ «የሁሉም ሰንሰለት እንደዚያው ነው» አለኝ። የምሞርደው ግራሩ ሥር ነው። እሱም አጠገቡ ያለው ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል። ቤቱ ሃያ እርምጃ ነው፤ ሄዶ መጠበቅ ይችል ነበር።

እንግዲህ ኃጢአቱ እዚህ ይጀምራል።

ቄስ ንጉሴ ግራሩ በጥቅምት ይቆረጥ አለ። በዓል ያልዋለበት ቀን ስንፈልግ ብቻ አንድ ሳምንት ገፋን፤ ለዚያች ሳምንት ሚካኤልን አመሰገንኩት። በዋዜማው ወንዳወቅ ሰንሰለቱን በጨርቅ ጠቅልሎ አመጣልኝ። ከሀ እስከ ፐ አሳምሬ ሞረድኩት። ከዚያ እሱ ዶሮዋን ከማሽላው ላይ ሊያባርር ሲነሳ ከአሮጌው የወፍጮ መጄ ስባሪ አነሳሁና እያንዳንዱን ጥርስ አፉ ላይ አንድ አንድ ጊዜ ነካ አደረግሁት። ነካ ብቻ። ጥርሱ ያብለጨልጫል፤ ግን አይነክስም። ይህን ያደረግሁት በእጄ ነው። ማንም አላዘዘኝም።

በማግስቱ ሰው ተሰበሰበ። ወንዳወቅ ሞተሩን አስነስቶ ግራሩ ላይ ሲያሳርፈው መጋዙ ማልቀስ ጀመረ። ጭስ ወጣ። ከሥሩ ጥቁር ዱቄት ይረግፋል፤ ግራሩ ልጡ ብቻ ተፋቀ። ሞተሩን አጠፋው። ሰንሰለቱን አየ። አንዱን ጥርስ በአውራ ጣቱ ዳበሰ፤ ሌላውንም ዳበሰ። ከዚያ እኔን አየኝ። እኔ ሰማይ አየሁ። እሱ ወደ ሰዉ ዞሮ «ዛፉ እንቢ አለ» አለ። ይህን ያለው እሱ ነው፤ እኔ አይደለሁም። ሰንሰለቱ ደንዟል ቢል ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። እኔም ተዋርጄ እገላገል ነበር። ጥፋቱ የወንዳወቅ ነው ያልኩዎት ለዚህም ጭምር ነው።

እኔ እንኳ ካልሆነ ይተዉት ይሆናል ብዬ ነበር። አልታየች ግን ከሰዓት በፊት ነገሩን አዙራ «ሚካኤል የእሷን ስለት አልቀበልም አለ» ብላ ግራና ገበያ አደረሰችው። ከዚያ ወዲያ ሰው ሁሉ ኃጢአቴን መፈለግ ጀመረ። አንዷ ለማኅበር ያዋጣሁት ጠላ ቀጭን ነበር አለች። ሌላዋ ከባሌ ጋር የተጣላሁበትን የጥምቀት ቀን አስታወሰች። ያን ቀን እኔም ረስቼው ነበር። አንዱ ሽማግሌ ደግሞ በዚህ ዕድሜ ፊደል መቁጠሯ ነው አለ። እውነተኛውን ኃጢአት ያገኘ ማንም አልነበረም፤ እጄ ላይ ሆኖ ሳለ ማለት ነው።

ስሜን ለማጥራት ድጋሚ መሞከር ነበረበት። ግራሩ ከተቆረጠ ጥላዬ ሄደ፤ ካልተቆረጠ ስሜ ሄደ። አስቤ አስቤ ስሜ ከመጀመሪያውም ብዙ እንዳልነበረ ትዝ አለኝና ግራሩን መረጥኩ። በሁለተኛው ጊዜ ወንዳወቅ ድሮ ይሠራ እንደነበረው አድርጌ ቀኝ ቀኙን ብቻ አሾልኩና ግራውን ተውኩት። መጋዙ አራት ጣት ያህል ገባና አጋደለ፤ ግንዱ ነክሶ ያዘው። በምሳርና በሽብልቅ ፈልቅቀው አወጡት። ወንዳወቅ ላቡን ጠርጎ «አሁን ደግሞ ያዘው» አለ። ከዳር የቆመች አንዲት አሮጊት ነጠላዋን አጣፍታ ተንበረከከች። አባቴ፣ ስትንበረከክ ባየሁ ጊዜ ልናገር ነበር። ግን ሌሎቹም ተንበረከኩ። ሰው ሁሉ ተንበርክኮ አንቺ ብቻ ቆመሽ «እኔ ነኝ» ማለት ከባድ ነው። ተንበረከክሁ።

ከዚያ በኋላ ግቢዬ የእኔ አልሆነም። ግራሩን አድባር አደረጉት። ጠዋት ስነሳ ቅቤ ተቀብቷል። ንፍሮ በቅጠል ተደርጎ ሥሩ ተቀምጧል፤ ፍየሌ በልታው ሆዷ ተነፋ። አንዱ ለሳል ብሎ ልጡን ይልጣል፤ ሌላዋ ለመካንነት ትደገፈዋለች። አጥሬ ተጣሰ። የባሰው አልታየች ናት፤ በር ላይ ቆማ ለመጣው ሁሉ «መጀመሪያ ያየሁት እኔ ነኝ» ትላለች። አንድ ነገር ልጨምር፦ አንድ ቀን የተቀባው ቅቤ ለጋ ነበር፤ ከግንዱ ላይ ጠርጌ ራሴን ተቀባሁት። ራስ ምታቴ ተሻለኝ። ይህ ተአምር ይሁን ቅቤ እኔ አላውቅም።

ቄስ ንጉሴ ይህን ሲሰማ በእግሩ እየሮጠ መጣ። ቅቤውን ሲያይ ፊቱ ጠቆረ። «ስለት ነበር፤ አሁን ጣዖት ሆነ። ከሚካኤል በፊት ይቆረጣል፤ መጋዝ እንቢ ካለ በምሳር፣ ምሳር እንቢ ካለ በእሳት» አለ። ልክ ነው። እርስዎም ቢሆኑ ይህንኑ ይሉ ነበር።

በዚያው ሰሞን ወንዳወቅን ሳል ያዘው። እሱ የበርበሬ ሽታ ነው ይላል፤ በርበሬ ግን ማንም አላስፈጨም። መርሳ ሐኪም ዘንድ ሄደህ ታይ ብለው «መጋዙ ሥራ ይፈታብኛል» አለኝ። ቁልቋሉ ወዲያ ሲያስል እሰማለሁ። መቁጠር ጀመርኩ፤ እንቅልፌም ሄደ። ሚካኤል የሰጠውን መልሶ ይወስዳል ወይ? ይህን ነው በዋናነት የምጠይቅዎት። ሌላው ሁሉ ወሬ ነው።

ስለዚህ በኅዳር ስምንት ሰንሰለቱን ሲያመጣ መጄን ቤት ቆልፌ ወጣሁ። ከሀ ጀመርኩ። እያንዳንዱን ሦስት ጊዜ፣ ወደ ፊት ብቻ፣ ቀኙንም ግራውንም እኩል። እንደዚያ ሞርጄ አላውቅም። አለቀስኩ አልልም፤ የብረት ብናኝ ዓይኔ ገብቶ ነበር። ወንዳወቅ ድንጋዩ ላይ ተቀምጦ ሲያስል ቆየና «ዛሬ ዝም አልሽ» አለ። «ጥርስ እየቆጠርኩ ነው» አልኩት። ፐ ላይ ስደርስ ሰንሰለቱን በጨርቅ ጠቅልዬ ሰጠሁት። «እንዲህ ካሾልሽው ግራር አይደለም ድንጋይ ይቆርጣል» አለ። «እንዲቆርጥ ነው» አልኩት። ግራሩን ቀና ብሎ አየና ሄደ።

በማግስቱ ቄስ ንጉሴ ራሱ መጣ፤ ሰውም ከመጀመሪያው ቀን እጥፍ ሆነ። ወንዳወቅ ሰንሰለቱን ቤቱ ገጥሞ ነው ያመጣው። ሞተሩን አስነሳ። ግራሩ ላይ አሳረፈው። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ጉርምርምታውን ስጠብቅ ያልሰማሁትን ድምፅ ሰማሁ። አያጉረመርምም፤ አያለቅስም። ብረቱ በግንዱ ላይ እየተንሸራተተ ያፏጫል። ሞተሩን አበረደውና ሰንሰለቱ ቆመ፤ ዓይኔን ገልጬ ተጠጋሁ። ሀ ቀይ ነጥቧን እንደያዘች ወደ ኋላ ታያለች። ለም ወደ ኋላ። ሠላሳ ሦስቱም ጀርባቸውን ለግራሩ ሰጥተዋል። ሰንሰለቱን ገልብጦ ነው የገጠመው።

አባቴ፣ ስምንት ዓመት መጋዝ የያዘ ሰው ነው። በጨለማ ይገጥመዋል። አንድም ቀን ገልብጦ አያውቅም።

ቀና ስል እያየኝ ነው፤ ፊቱ እንደ ቅዳሴ ጊዜ ጭምት ነው። እኔ ያንን ሰው አርባ አምስት ዓመት ሙሉ ሳርመው የኖርኩ ነኝ። አፌ ከፈት አለ። ቄስ ንጉሴ ቀደመኝና «እማማ፣ በደንብ ሞርደውታል?» አለኝ። «ይኸው በሚካኤል ፊት፣ ከሀ እስከ ፐ አንድም ሳይቀር» አልኩት። በዚህ ሁሉ ጊዜ ውስጥ ከአፌ የወጣ አንድ እውነት ይህ ነው። በቃ አፌን ዘጋሁ።

ወንዳወቅ ሞተሩን አጥፍቶ ሲያስል ቆየና «ቄስ፣ ድግሱ ከነገ ወዲያ ማግስት ነው፤ ሚካኤል ያለ ማገዶ ሊውል ነው? ከእሷም ከእኔም ጓሮ ባሕር ዛፍ አለ» አለ። እኔን አልጠየቀኝም። ቤንዚን ላምጣ ብሎ መጋዙን እንደያዘ ቤቱ ገባና ተመለሰ። እስከ እኩለ ቀን ሃያ ሁለት ባሕር ዛፍ ጣለ፤ አሥራ አንድ የእኔ፣ አሥራ አንድ የእሱ። ፍቅፋቂው እንደ ቆሎ ይረጫል፤ መጋዙ ያጉረመርማል። ሰው ሁሉ «አያችሁ፣ መጋዙ ምንም የለበትም፤ ዛፉ ነው» አለ። ቄስ ንጉሴ ግን የገበሬ ልጅ ነው። መጋዙን አየ፤ ወንዳወቅን አየ፤ እኔን አየ። በመጨረሻ «ሚካኤል ማገዶውን አግኝቷል፤ የስለቱን ነገር የንስሐ አባትዎ ይፍረዱት» አለኝ። ድግሱ በዚያ ማገዶ በሰለ፤ ወጡም ጥሩ ነበር፤ ጨው ብቻ አንሶታል። አልታየች ናት የጨመረችው።

ቅቤው እንዲቆም ደግሞ ማስታወቂያ ጻፊ ተባልኩ። በዚያ ዛፍ ሥር በተማርኩት ፊደል «ቅቤ መቀባት ክልክል ነው» ብዬ በጣውላ ጽፌ ሰቀልኩ። ማንበብ የሚችሉት ተዉ። ማንበብ የማይችሉት ጣውላውን ራሱን ቀቡት። አሁን በየጠዋቱ እጠርገዋለሁ። ራሴን አልቀባም፤ ጾም ነው።

ይኸው ነገሬ። የወንዳወቅን አልተናዘዝኩለትም፤ እሱ የራሱን ይናዘዝ። ሰንሰለቱን ለምን እንደገለበጠ አልጠየቅኩትም፤ እሱም መጅ የነካውን ጥርስ አላነሳብኝም። ለማን እንደተሳልኩ ማን እንደነገረውም አላውቅም። አልታየች ያን ቀን ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ነበረች። ሩት ከወልድያ በጓሮ መንገድ በእግሯ መጥታ የገባችው ሰኞ ነው። ስለቱን የተሳልኩት በዚያው ሳምንት ሐሙስ ነው። ወንዳወቅ ከዚያ በአሥራ አንደኛው ቀን በአንድ ጫማ፣ መጋዙን ተሸክሞ ገባ፤ ሰው ነፍሱን ሲያድን እሱ መጋዝ ሊደብቅ ተመልሶ ነበር። ያን ጊዜ ቀን የቆጠረ የለም። እርስዎ ግን ባሕረ ሐሳብ የሚያሰሉ ሰው ነዎት፤ ይህ አያቅትዎትም።

ባሕር ዛፉ ስለ ስለቱ ይቆጠርልኛል ወይስ አይቆጠርም? ጾም ቢያዙኝ እጾማለሁ። ስግደት ቢያዙኝ ጉልበቴ እስከፈቀደ እሰግዳለሁ። ግራሩ ይቆረጥ ካሉ እሺ እላለሁ፤ ብቻ መጋዙም ቆራጩም ከሩቅ አገር ይምጣ። ቅጣት ካለም በእኔ ላይ ይሁን፤ በሌላ ሰው ደረት ላይ አይሁን። ጥፋቱ የወንዳወቅ ነው ብዬ የጻፍኩት እርስዎ እንዲሰሙት ነው፤ ሚካኤል እንዲሰማው አይደለም። በጸሎትዎ ሲያነሱት ይህን ይለዩልኝ።

ዓይንዎን ያብራልን፤ ጉልበትዎን ያጽናልን። የእኛን ደጅ ዳግመኛ ለመሳለም ያብቃዎት። ሲመጡ ድንጋዩ ሁለት ሰው ይይዛል፤ ለእርስዎ ወንበር አወጣለሁ።

የንስሐ ልጅዎ
ታኅሣሥ፣ ከግራና ማዶ

የወረቀቱ ጥግ ባዶ ከሚቀር ይህን ልጨምር። ትናንት ወንዳወቅ መርሳ ሄዶ ታይቶ፣ መድኃኒቱን በኪሱ ይዞ፣ ሰንሰለቱን አመጣልኝ። ድንጋዩ ላይ ተቀመጠ። ገና ሀ ላይ ሳለሁ፣ ሳልጠይቀው፣ «ያን ጊዜ በሬው የጠፋብኝ ሁለት ቀን ነበር» አለ። ሦስት ቀን ነው። አላልኩትም። ከእንግዲህ ወንዳወቅን አላርመውም።